ጨካኝ ባላባት ሆነው የታወቁት የደጉ ልብስ ሰፊ፣ የአቶ ማሩ መልካሙ የሕይወት ታሪክ

አቶ ማሩ መልካሙ ከአባታቸው ከአቶ መልካሙ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበች አሊ፣ ዛሬ ሀብሩ ወረዳ በምንለው አገር፣ ከግራና ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ በጥቅምት ወር 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ሰው ሁሉ ስማቸውን ከማር ጋር ያያይዘው ነበር። ስሙን ያወጡላቸው እናታቸው ግን ከእሳቸው በፊት የወለዷቸው ልጆች ስላልበረከቱላቸው "ምሕረት ለምኜበት ነው፤ ማሩኝ ማለቴ ነው" ይሉ ነበር። ልመናቸው ተሰምቶ ልጁ አደጉ።

ፊደል የቆጠሩት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ከየኔታ ዘንድ ሲሆን፣ ከዚያ መርሳ ወርደው የዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። ከትምህርቱ ይልቅ የሚታወቁት ግን ሰውን በማስመሰል ነበር። የጎረቤቱን አረማመድ፣ የደብተራውን ሳል፣ የበርበሬ ነጋዴዋን አጠራር አንድ ጊዜ ካዩና ከሰሙ በቃቸው። ማታ ቤተሰቡ እሳት ዳር ሲሰበሰብ አባታቸው "እስቲ የዛሬውን አምጣው" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያመጡታል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አንድ ቀን የአካባቢውን ጭቃ ሹም አስመሰሉ። ጭቃ ሹሙ በዚያው ሳምንት አቶ መልካሙን ግብር ዘገየ ብሎ ፀሐይ ላይ አቁሟቸው፣ እሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲስቅባቸው ውሎ ነበር። ልጁ ያንን ሳቅ አንድም ሳያስቀሩ አመጡት። አባታቸው አልሳቁም። ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ። አቶ ማሩ ይህንን ሲያስታውሱ "አባቴን ሁለተኛ ያዋረድኳቸው መስሎኝ አለቀስኩ" ይሉ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠናና ከብቱ ሲያልቅ ትምህርታቸውን አቋርጠው መርሳ ከአጎታቸው ዘንድ ልብስ ስፌት ተማሩ። እጃቸው ቶሎ ተፍታታ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመንገዱ ዳር የራሳቸውን የስፌት መኪና አስቀምጠው የሠርግ ልብስ፣ የተማሪ ካኪና የመነኩሴ ቆብ ሳይቀር ይሰፉ ጀመር።

ከአብዮቱ በኋላ በየከተማው የኪነት ቡድን ሲቋቋም የመርሳው ቡድን አልባሳት የሚሰፋለት ሰው ፈልጎ ወደ እሳቸው ሄደ። ተውኔቱ ስለ አንድ ጨካኝ ባላባትና ስለ ጢሰኛው ነበር። አቶ ማሩ ለባላባቱ ትልቅ ጥቁር ካባ ሰፉ። ካባው ሲለካ ባላባቱን ሊጫወት የተመረጠው ሰው ውስጡ ጠፋበት፤ ለሌሎቹም አልሆነም። ልክ የሆነው ለሰፊው ብቻ ነው። ሆን ብለው ያደረጉት ይሁን በአጋጣሚ፣ እስከ መጨረሻው ሲጠየቁ ፈገግ ከማለት በቀር መልስ አልሰጡም።

ጢሰኛውን የተጫወቱት የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው አቶ አብዱልጀሊል ነበሩ። አቶ አብዱልጀሊል ከስፌት ቤቱ አጠገብ ጨርቅ ይሸጡ ስለነበር ሁለቱ ቀን ሥራቸውን እየሠሩ ቃለ ተውኔቱን ይለማመዱ ነበር። ባላባቱ ጢሰኛውን ሲገርፍ አለንጋው የሚያርፈው የመድረኩ እንጨት ላይ ነው፤ አቶ አብዱልጀሊል ግን አጥንት የሚሰብር ጩኸት ይጮኻሉ። አቶ ማሩም ያንን የጭቃ ሹሙን ሳቅ ይስቃሉ። አዳራሹ ውስጥ የሚያለቅስ ይበዛ ነበር። አንድ ጊዜ በማግስቱ አቶ ማሩ ገበያ ሲወጡ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ወዲያ ገፋ አድርጋ "ለአንተ አልሸጥም፤ ያ ምስኪን ምን አደረገህ?" ብላቸዋለች። አቶ ማሩ የሰፈር ሰው ለብዙ ጊዜ ሲስቅበት የኖረውን ይህን ነገር እሳቸውም እየሳቁ ያወሩት ነበር። ነገሩ የሚያስቅ መሆኑ የቀረው ግን ትዳር የጠየቁ ጊዜ ነው።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ትርንጎ ገበየሁን ያወቋቸው ለእህታቸው የሠርግ ቀሚስ ሊያሰፉ በመጡ ጊዜ ነው። ቀሚሱ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ተሰፋ። ወይዘሮ ትርንጎ "ቀሚሱ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር፤ መመላለሱን ሁለታችንም ስለወደድነው ነው" ይላሉ። በ1973 ዓ.ም. አቶ ማሩ ወደ ግራና ሽማግሌ ላኩ።

የወይዘሮ ትርንጎ አባት አቶ ገበየሁ አርሶ አደር፣ ንግግራቸው ጥቂት፣ ቃላቸው የማይመለስ ሰው ነበሩ። ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው ጠላ ካስቀዱ በኋላ፣

"ልጁን አውቀዋለሁ። መርሳ አዳራሽ ውስጥ አይቼዋለሁ። ድሃ ይገርፋል፤ እየሳቀ ነው የሚገርፈው" አሉ።

"እሱማ ትያትር ነው፣ አቶ ገበየሁ። ለጨዋታ ነው" አሏቸው ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

"ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ሳቁን ግን ከየት አመጣው? ሰው በውስጡ የሌለውን ነገር ከየት ያመጣል?"

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ተሰናበቱ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

አቶ ማሩን ከእምቢታው ይልቅ ጥያቄው ጎዳቸው። ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጠው ጨርቁን ሳይነኩ የሚውሉበት ቀን በዛ። ሳቁ ከእሳቸው አፍ ነው የሚወጣው፤ ሲወጣም ደስ እያላቸው ነበር። ታዲያ ክፋቱ ከየት መጣ? እውነት በውስጣቸው ያደረ ነገር ይኖር ይሆን? ይህንን ያወያዩት አቶ አብዱልጀሊልን ብቻ ነው። በዚህ መሐል ወይዘሮ ትርንጎ ለገበያ በወረደች ዘመዳቸው በኩል "እኔ አንተን ብያለሁ። አባቴ የጠየቀህን ግን ራስህ መልስለት" የሚል ቃል ላኩባቸው።

አቶ ማሩ ወጉን ጥሰው፣ ያለ ሽማግሌ፣ አቶ አብዱልጀሊልን ብቻ አስከትለው ግራና ሄዱ። አቶ ገበየሁ ከአውድማው ላይ ነበሩ። ከሰላምታው በኋላ ማንም ሳይጠይቃቸው አቶ አብዱልጀሊል ሸሚዛቸውን ገለበው ዞሩላቸው።

"አባባ ገበየሁ፣ ጀርባዬን ይዩት። ወላሂ አንድ ሰንበር የለበትም። እሱ እንጨቱን ይመታል፤ የምጮኸው እኔ ነኝ።"

አቶ ገበየሁ ጀርባውን በዓይናቸው ብቻ አላዩትም፤ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ አቶ ማሩ ዞሩ። አቶ ማሩም፣

"ሳቁን ከየት አመጣው ብለው ነበር። ከሰፈራችን ጭቃ ሹም ነው ያመጣሁት፣ አባባ። አባቴን ፀሐይ ላይ አቁሞ ሲስቅባቸው እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ክፉ ሰው ምን እንደሚመስል አጥርቶ የሚያውቀው የተበደለው ነው እንጂ በዳዩ አይመስለኝም" አሉ።

አቶ ገበየሁ መንሻቸውን አንሥተው ጭዱን ጥቂት አገላበጡ። በኋላ "እስቲ ደግሜ ልየው" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ኪነት ቡድኑ በዚያው ወር ግራና ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሲያሳይ አቶ ገበየሁ ከፊት ለፊት ተቀመጡ። የአለንጋው ቦታ ሲደርስ፣ አቶ አብዱልጀሊል ሲጮኹና አቶ ማሩ ሲስቁ፣ አቶ ገበየሁ ቀስ ብለው ተነሡ፤ መድረኩ ላይ ወጡ፤ አለንጋውንም ከአቶ ማሩ እጅ ወሰዱ። ተመልካቹ የተውኔቱ ክፍል መስሎት ግቢውን በጭብጨባ አናጋው። አቶ ገበየሁ ግን ለአቶ ማሩ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

"ጀርባውን ዳስሼ እያወቅኩ እንኳ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ልጄን እሰጥሃለሁ። ይህን ግን ሁለተኛ አትያዝ" አሏቸው።

አለንጋውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ባላባቱ ያለ አለንጋ፣ በሳቅ ብቻ ይጫወት ጀመር። አቶ አብዱልጀሊል እንደሚሉት ሰዉ ይበልጥ የፈራው ያኔ ነው።

አቶ ማሩና ወይዘሮ ትርንጎ በጥር ወር 1974 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ። አቶ ዮናስን፣ ወይዘሮ ሰላምንና ወይዘሮ ሜላትን አፈሩ። አማቻቸውን "ገራፊው" እያሉ መጥራት የጀመሩት አቶ ገበየሁ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ልብሳቸውን በሌላ ሰው አላሰፉም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ኪነት ቡድኑ ተበተነ። አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ። አቶ ማሩ ቤተሰባቸውን ይዘው ወልድያ ገቡና ስፌት ቤታቸውን እዚያ ከፈቱ። መድረክ ባይኖርም ጨዋታቸው አልጎደለም። ደንበኛ ሲለኩ የሰውየውን አቋም ቆመው ያሳዩት ነበር፤ ብዙ ሰው ትከሻው አንድ ወገን ማዘንበሉን ያወቀው ከእሳቸው ነው።

በዚያን ጊዜ ነው በሀብሩ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይሥሉ የነበሩት ሠዓሊ ሞገስ የመጡባቸው። ሠዓሊ ሞገስ በልጅነታቸው ያንን ባላባት መርሳ አዳራሽ ውስጥ አይተውት አልረሱትም። ሰማዕታቱን የሚያሠቃየውን ንጉሥ ለመሣል የአቶ ማሩን ፊትና አቋም ፈለጉ። አቶ ማሩ ደስ አላቸው። ነገሩን የሰሙት ወይዘሮ ትርንጎ ግን ደስ አላላቸውም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው በጎን ነው የሚሣለው፤ የሚታየውም አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን አጣፍተው ሠዓሊው መሰላል ላይ እንዳሉ ሄደው ከሥር ቆሙ።

"የእኔ ባል ሁለት ዓይን አለው" አሏቸው።

"አውቃለሁ፣ እትዬ። ክፉውን አንድ ዓይን የምናደርገው የሚጸልየው ሰው ዓይን ለዓይን እንዳይገጥመው ነው" አሉ ሠዓሊው ከላይ።

"ልጆቻችን ሊሳለሙ ሲመጡ አባታቸው እንዲያያቸው እፈልጋለሁ።"

ለቀናት የቆየ ክርክር ሆነ። አቶ ማሩ መሐል ቆመው ሁለቱንም ያዳምጡ ነበር። ነገሩ የገረማቸው በሌላ በኩል ነው። እሳቸው ባላባቱን ሲጫወቱ የተመልካቹን ዓይን ፈልገው ይገጥሙት ነበር፤ ሰውን ያስለቀሰውም እሱ እንደሆነ ያምናሉ። ግድግዳው ላይ ግን ክፉው ፊቱን ያዞራል፤ የሚያዩህ ቅዱሳኑ ናቸው። ለወይዘሮ ትርንጎ "ሁለቱም ልክ ነው። ትያትር የሚፈራውን እንድታየው ይፈልጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሚወድህ እንዲያይህ" አሏቸው። በመጨረሻ ሠዓሊ ሞገስ የንጉሡን ፊት ከራሳቸው አእምሮ አወጡ፤ የአቶ ማሩን ፊት ደግሞ ቆሞ ከሚያዝነው ሕዝብ መሐል፣ ከነሁለት ዓይናቸው አስቀመጡላቸው። ንጉሡን ግን በአቶ ማሩ አቋም ሣሉት። ሥዕሉ አልቆ መጋረጃው የተገለጠ ዕለት ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረችው ሜላት በሕዝቡ መሐል ያለውን የአባቷን ፊት አልፋ በጣቷ ወደ ንጉሡ እያመለከተች "አባዬ!" አለች። ወይዘሮ ትርንጎ እንኳ ያን ዕለት ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

በ2007 ዓ.ም. ሮቤል የሚባል የወልድያ ወጣት በገዛ ካሜራው ፊልም ሊሠራ ተነሣ። ታሪኩ ልጁ በሥራ ፍለጋ ወጥቶ የሞተበት አንድ ሽማግሌ ነው። አባትየውን እንዲጫወቱለት አቶ ማሩን ለመናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ክፉ ሆነው ለተጫወቱት ሰው የመጀመሪያው የደግ ሰው ቦታ ነበር። ቀረጻው ሐራ አጠገብ አንድ የገጠር ቤት ውስጥ ተጀመረ። አቶ ማሩ መርዶውን ሲሰሙ ደረታቸውን ደቁ፤ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። ሮቤል ደጋግሞ አስቆማቸው። በመጨረሻ በትሕትና፣

"ጋሼ ማሩ፣ እባክዎ ትያትር አያድርጉት" አላቸው።

ያን ቀን ቤታቸው የገቡት ተሰብረው ነው። የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ እንደ ጥፋት ሲጠራ ሰሙ። ለወይዘሮ ትርንጎ፣ "እኔ የተማርኩት ከኋላ፣ ከምሰሶው ጀርባ የተቀመጠችው አሮጊት እንድታየኝ ነው። ቅንድቤን ሳነሣ ለእሷ ነው የማነሣው። ይኼ ልጅ ካሜራውን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ ተው ይለኛል" አሏቸው።

ወይዘሮ ትርንጎ ጥቂት አስበው "አሮጊቷ ወደ ፊት መጥታ እኔ ቦታ ላይ ብትቀመጥስ?" አሏቸው። "እናትህ የሞቱ ዕለት ለእኔ አልጮህክም። ጋቢህን አጥፈህ አስቀመጥክ፤ ከዚያ እንደገና ፈታህና አጠፍከው።"

አቶ ማሩ በማግስቱ ተመለሱ። በታሪኩ የሞተው ልጅ ጃኬት ለአባትየው ይመጣለታል። አቶ ማሩ ጃኬቱን ተቀብለው እጅጌውን ገልብጠው አዩት። የተተረተረ ስፌት አገኙ። መርፌና ክር አምጡልኝ አሉ፤ ይህ በፊልሙ ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። ቁጭ ብለው ቀስ እያሉ ሰፉት፤ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፤ ጃኬቱንም ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው አኖሩት። ሮቤል ካሜራውን ማስቆም ረስቶ ነበር።

ፊልሙ ወልድያ ሲታይ አቶ ማሩ ራሳቸውን ሲጫወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። በመድረክ ዘመናቸው ፊታቸውን የማየት ዕድል አልነበራቸውም። ወደ ባለቤታቸው ዘንበል ብለው "ይህን ሰውዬ አላውቀውም" አሉ። ወይዘሮ ትርንጎ ዓይናቸውን ከመጋረጃው ሳይነቅሉ "እኔ አውቀዋለሁ። ቤታችን ያለው እሱ ነው" ብለው መለሱላቸው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ቤተሰቡ እንደ ብዙው ሰው ከተማውን ለቆ ወጣ። አቶ ማሩ በመንገዱ ሁሉ የልጅ ልጆቻቸውን የመንገደኛውን አረማመድ እያስመሰሉ ሲያስቁ ሄዱ። ልጃቸው ወይዘሮ ሰላም እጃቸውን ስትይዝ ግን መዳፋቸው በላብ ርሶ ነበር። እጃቸውን ሳትለቅ ሄደች፤ እሳቸውም እንዳወቀች ገብቷቸው ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ሲመለሱ ስፌት ቤቱ ተዘርፎ ጠበቃቸው። አቶ አብዱልጀሊል ከመርሳ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና አስጭነው ላኩላቸውና እንደገና ጀመሩ።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም አገኛቸው። በወልድያና በደሴ ሕክምና ሲከታተሉ ቆዩ። ሕመሙ እንደማይድን ሐኪሞች ለአቶ ዮናስ ነገሯቸው፤ አቶ ማሩ ግን ሳይነገራቸው ያወቁት ይመስላል። ጠያቂ ሲመጣ ቀና ብለው ይቀመጣሉ፤ ይቀልዳሉ፤ የቀረበላቸውን በልተው የጠገቡ ያስመስላሉ። ወይዘሮ ትርንጎም ያመኑ ይመስላሉ። ሳህኑን እንደ ሞላ ሲያነሡ "ዛሬስ ደህና በላህ" ይሏቸውና ጓዳ ገብተው ያለቅሳሉ። ሁለቱ እንዲህ እየተዋደዱ፣ እንዲህ እየተደባበቁ ወራት ገፉ። ልጆቹም የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ያዩ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ጠያቂ ሳይመጣ፣ አቶ ማሩ ለባለቤታቸው አንድ የሚያስቅ ነገር ሊያወሩ ጀመሩ። ወይዘሮ ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያዟቸውና፣

"ማሩ፣ እኔ ተመልካች አይደለሁም" አሏቸው።

አቶ ማሩ የጀመሩትን ተዉት። ከዚያ በዝግታ "አሞኛል፣ ትርንጎ። ፈርቻለሁም" አሉ።

"እኔም ፈርቻለሁ" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

ወይዘሮ ሰላም በሩ ላይ ቆማ ይህን ሰምታለች። እንደምትለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ቀለለ። አባቷ ሲያማቸው አቃሰቱ፤ መብላት ሲያቅታቸው አልበላም አሉ። እናቷም በፊታቸው አለቀሱ። አቶ ማሩም ንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። አቶ አብዱልጀሊል ከመርሳ እየተመላለሱ አጠገባቸው ተቀምጠው ይውሉ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንዲህ አለፉ፤ ወይዘሮ ትርንጎም ከትዳር ዘመናቸው ሁሉ እነዚያን ሳምንታት እንደማይረሷቸው ይናገራሉ።

አቶ ማሩ መልካሙ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ በወልድያ ከተማ በመኖሪያ ቤታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ትርንጎ ገበየሁን፣ ልጆቻቸውን ዮናስን፣ ሰላምንና ሜላትን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንደ ወንድም የሆኑላቸውን ጓደኛቸውን አቶ አብዱልጀሊልን፣ በወልድያ፣ በመርሳና በግራና ያሉ ዘመድ ወዳጆቻቸውን ሁሉ በሐዘን ትተዋል።

የምሕረት አምላክ ሆይ፣ እናታቸው ገና በጨቅላነታቸው ምሕረትህን ለምነውባቸው ነበር። እኛም ዛሬ ያንኑ እንለምንሃለን። ነፍሳቸውን ሕመምና ፍርሃት በሌለበት፣ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ማስመሰል በማያስፈልገው ቤትህ ተቀበልልን። ለወይዘሮ ትርንጎና ለልጆቹም እስኪበቃቸው የሚያለቅሱበትን እንባ፣ ከእንባውም በኋላ መጽናናትን ስጥልን። አሜን።